የሸሸሁት ግስ

ሐሙሲት ላይ ደበሎ ለብሼ ቁራሽ እየለመንሁ ስማር፣ አርእስተ ግሱን ሳልጨርስ ከየኔታ ጉባኤ ኮበለልሁ። ግዕዝ የሞተ ቋንቋ መስሎኝ ነበር።

ጎልምሼ ሄሮዶቱስን በገዛ አንደበቱ ላንብብ ብዬ የግሪክ ሰዋስው ገዛሁ። ሁለት ክረምት፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሶ ሳለ፣ ከርባታው ጋር ታገልሁ። (ከርባታ ሸሽቶ ወደ ርባታ! የኔታ ቢሰሙ በሳቁ።)

በዚህ መሐል ዮሐንስ ዘኒቅዩስን አገኘሁት፤ የ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፅ ጳጳስ። የሂፓቲያን አሟሟት፣ ዐረቦች ግብፅን መያዛቸውን የሚተርክ ነው። በግሪክ ይጻፈው በቅብጥ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ዋናው ጠፍቷል፤ ዐረብኛውም ጠፍቷል። የተረፈው በ1602 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዞተንበርግ በ1883 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳተመው ይህንኑ ነው። በውስጡም ከ610 እስከ 640 ያለው ዘመን ጎድሏል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ።

መጽሐፉን ይዤ ወደ የኔታ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«የት ላይ ነበር የተውኸው?» አሉኝ።

«ባረከ ላይ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ከባረከ ጀምር።»