ማሽላና ጠላቱ

በድሬዳዋና በሐረርጌ ገጠር ማሽላ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። አጎቴም ልጆቹን የሚያሳድገው በእርሱ ነው። ነገር ግን አቀንጭራ የሚባለው አረም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጥበታል፤ አበባው ብቅ ሲል ጉዳቱ አስቀድሞ ደርሷል።

የዚህን ጠላት ምሥጢር ከባልደረቦቻቸው ጋር የገለጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ናቸው፤ የተማሩትም ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በተባለው በጎረቤታችን ኮሌጅ ነው። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር በአፈር ውስጥ የተኛውን የአረሙን ዘር ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ይህን ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ብቻ የሚያወጣ ማሽላ አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ግብርና ላልተማረ ሰው ነው» ይላሉ። እኔ ግን እርሻን ለመማር ቆርጫለሁ። ውድ ጓደኞቼ ሆይ፤ ዕውቀት ከማሳ ከራቀ ጎተራው ባዶ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን የእኚህን ሰው ፈለግ የሚከተል ማን ነው?