ገመናና መዝገብ

«ግላዊነት» የሚለው ቃል በሕግ መጻሕፍታችንና በጋዜጦቻችን ላይ መታየት ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ቃሉ አዲስ ስለ ሆነ ብቻ ጉዳዩም አዲስ፣ ከፈረንጅ አገር የመጣ የከተማ ቅንጦት ነው የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። በዚህ አስተያየት አልስማማም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ቃል አለው፤ እርሱም ገመና ነው። ገመና ከምሥጢር ይለያል። ምሥጢር የሚደበቅ ነገር ነው፤ ገመና ግን የሚሸፈን ነው። የሰው ድህነቱ፣ ሕመሙ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር የተነጋገረው ክፉና ደግ፣ የተበደረው ገንዘብ፣ ያስቸገረው የልጁ ጠባይ፣ ይህ ሁሉ ገመና ነው። ከዚህ ውስጥ በሕግ የሚያስጠይቅ አንዳች የለም፤ አደባባይ ሲወጣ ግን ሰውን ያራቁታል። «የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚለው የዘመናችን ጥያቄ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ጠያቂው የሚያውቀው ምሥጢርን ብቻ ነው፤ ገመናን ዘንግቶታል።

ምስክር ለሚሻ ሰው የገጠሩን የእንግዳ አገባብ መመልከት ይበቃዋል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በጎዛምንም ሆነ በማቻከል፣ ወደ አንድ ቤት የሚመጣ ሰው ከአጥሩ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ግባ ሳይባል ዘው አይልም። ከገባም በኋላ ቦታው መደቡ ነው። ጓዳው የእመቤቲቱ ነው። ሌማቱ ሙሉ ይሁን ባዶ፣ እንጀራው የራስ ይሁን ከጎረቤት የተበደሩት፣ የሚያውቀው ጓዳው ብቻ ነው። እንግዳው ያንን እንዳያይ የሚጋርደው ብዙ ጊዜ አንድ ያረጀ መጋረጃ ነው፤ ሰው ግን እንደ ግንብ አክብሮት ኖሯል።

እንዲህ ስል የጥንቱን ኑሮ ገነት አድርጌ መሳሌ አይደለም። መንደር ሁሉን ያያል፣ ሁሉንም ይሰማል። አውጫጭኝ በሚባለው ሥርዓት ወንጀል በተፈጸመበት አካባቢ ያለው ነዋሪ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አጥፊው እስኪገኝ ድረስ ከሥራው ተስተጓጉሎ ይቀመጥ ነበር። በሌባ ሻይ ጊዜ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ይባል ነበር። በዚህ ዘመን ኮምፒዩተር «ይህ ሰው ያጠራጥራል» ብሎ ስም አወጣ ሲባል ስሰማ ያ ብላቴና ትዝ ይለኛል። ሆኖም በመንደር መተያየትና በመዝገብ መታየት መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። ጎረቤቴ የእኔን ገመና ቢያውቅ እኔም የእርሱን አውቃለሁ። ቢያማኝ ማን እንዳማኝ አውቃለሁ፤ ልወቅሰው፣ ሽማግሌ ልልክበት፣ ልታረቀውም እችላለሁ። ወሬውም ከእኛው ጋር ያረጃል። መዝገብ ግን ያውቃል እንጂ አይታወቅም፤ የጻፈው ሰው ካለፈ በኋላም ለሌላ ሰው፣ በሌላ ጉዳይ ይናገራል።

ይህን የጎጃም ገበሬ ቀደም ብሎ የተረዳው ይመስለኛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ገማቾች የየገበሬውን ምርት እየገመቱ እንዲመዘግቡ ታዝዞ ነበር። በሞጣ፣ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስም አውራጃ ገበሬው ገማች አላስገባም አለ። ነገሩ ወደ ጦርነት ደረሰ፤ ከአውሮፕላን ቦምብ እስከ መጣል ተደረሰ፤ በመጨረሻም ጠቅላይ ገዢው ከቦታቸው ተነሡ። ስለዚያ ዐመፅ ሲነገር ዘወትር የሚነሣው የግብሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከግብሩ በስተጀርባ የቆየ ፍርሃት ነበር፤ እርሱም የልኬት ፍርሃት ነው። ገማቹ ዛሬ የሚጽፈው ሰብል ነገ ቀላድ የሚጣልበት መሬት፣ ከነገ ወዲያም ከእጅ የሚወጣ ርስት ይሆናል ብሎ ገበሬው ሠግቷል። በዘመኑ ይህን አስተሳሰብ የድንቁርና ውጤት ያደረጉት የተማሩ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። እኔ ግን ከሀያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ የሆነውን ካየሁ ወዲህ ድንቁርና ልለው አልቻልሁም።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ውስጥ ሹመት የነበራቸው ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ለብቻ ተለዩ፤ ሊይዙ የተፈቀደላቸውም መሬት ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከእነዚህ ውስጥ ግፍ የሠራ አልነበረም አልልም። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ በመቻሉ ብቻ ጸሐፊ ሁን የተባለ፣ እንቢ ማለት የማይችል ገበሬም ነበረበት። በአንድ ዘመን ለአንድ ሥራ የተጻፈ ስም በሌላ ዘመን የመሬት መንጠቂያ ሆነ። ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ማለታቸውም በዘመኑ የታወቀ ነው።

በመካከሉ ያለፈው የደርግ ዘመን የመዝገብ ዘመን ነበር። እንግዳ ያሳደረ ለቀበሌ ያስታውቃል፤ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር የሚሻገር መንገደኛ የይለፍ ወረቀት ይይዛል። ከመሣሪያ ሁሉ ይበልጥ የሚፈራው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ በመጋቢት 1969 በአዲስ አበባ ቤት ለቤት በተካሄደው አሰሳ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያም እንደ ጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበር። እኔ በ1970ዎቹ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የፈተና ወረቀት ለማባዛት ስቴንስል ስንወስድ ስንት ቅጂ እንደ ወጣ በፊርማችን ይመዘገብ ነበር፤ የተበላሸውም ወረቀት ተቈጥሮ ይመለሳል። ስልክ ለመደወል ደግሞ ወደ ቴሌኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ሄደን ቁጥራችንን አስመዝግበን ወረፋ እንይዛለን። ተራችን ደርሶ ካቢን ስንገባ የምንጮኸውን ከውጭ የቆመው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ማንም በስልክ ቁም ነገር አይናገርም ነበር፤ «ደኅና ነን፣ እናንተስ?» ተባብሎ መዝጋት ነው። የሚገርመው ግን በዚያ ካቢን ውስጥ እንደሚሰማ የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ጆሮ ጠቢውንም ቢሆን መንደሩ በስሙ ያውቀዋል፤ ሲመጣ ጨዋታው ወደ ገብስና ወደ ጤፍ ይዞራል።

የዛሬው ስልክ በኪስ የሚያዝ፣ በመኝታ ቤት የሚያድር ነው። ባለቤቱ ብቻውን እንደ ሆነ ያምናል። ነገር ግን በየካቲት 2006 ሲቲዝን ላብ የተባለው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ኮምፒዩተር ውስጥ ሰርጎ እንዲገባ የተላከ የስለላ ፕሮግራም ማግኘቱን አስታወቀ። ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም በተባለ የኢጣልያ ኩባንያ የተሠራ ነበር። መንግሥት በወቅቱ አስተባበለ፤ በሐምሌ 2007 የኩባንያው ደብዳቤዎች ተሰርቀው ሲበተኑ ግን ኢትዮጵያ ከደንበኞቹ አንዷ ሆና ተገኘች። በመጋቢት 2006 ሂዩማን ራይትስ ዎች ያወጣው ዘገባም፣ የተጠለፈ የስልክ ንግግራቸው በምርመራ ጊዜ የተከፈተባቸውን ሰዎች ቃል ይዟል። በሚቀጥለው ወር፣ በሚያዝያ፣ ዞን ዘጠኝ በሚል ስም የሚታወቁ ወጣት ጸሐፊዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ከቀረበባቸው ክስ መካከል የኢንተርኔት ግንኙነትን ከሰላይ የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ይገኝበታል። ከፊሎቹ በ2007 ክሱ ተነሥቶላቸው ወጡ፤ ከቀሩትም በ2008 ፍርድ ቤት የሽብር ክሱን ውድቅ አደረገው። ለደጃፉ መቈለፊያ የገዛ ሰው ስለ መቈለፊያው ተከሰሰ ማለት ነው። ይህ የእኛ አገር ብቻ ጠባይ እንዳይመስል፣ ኤድዋርድ ስኖውደን በ2005 ያወጣቸው ሰነዶች ስለ ነፃነት አብዝታ የምትናገረው አሜሪካም የዓለሙን ስልክና ደብዳቤ እንዴት በጅምላ ትሰበስብ እንደ ነበር አሳይተዋል።

መዝገብን ሁሉ ክፉ ነው ማለት ግን ፍርድ ማዛባት ነው። የደርግ ባለሥልጣናት በልዩ ዐቃቤ ሕግ ተከሰው በታኅሣሥ 1999 ጥፋተኛ ሲባሉ ከተመሠከረባቸው ማስረጃ ዋነኛው ራሳቸው የፈረሙት ወረቀት ነበር። የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት መዛግብትም ከ1984 ጀምሮ ለዜጎች ሲከፈቱ፣ ሰው የገዛ ፋይሉን ገልጦ ማን እንደ ሰለለው ለማንበብ ቻለ። በሁለቱም ቦታ መዝገቡ ተመልካቹን ራሱን እንዲታይ አድርጎታል። ያን ጊዜ እንደ ጎረቤት ሆነ ማለት ይቻላል፤ የሚያሳዝነው እንዲህ የሆነው ሥርዓቶቹ ከወደቁ በኋላ መሆኑ ነው።

ደግሞስ ገመናን የሚገልጠው መንግሥት ብቻ ነውን? ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብር በስልክ መላላክ ቀላል ሆኗል፤ እኔም ዘወትር እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ማን ለማን እንደ ላከ፣ ማን በየወሩ መጨረሻ እንደሚበደር፣ ማን ለማን ልቅሶ እንደ ሰጠ ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። በከተማችን በአንድ እድር ውስጥ ጡረታ የወጣ አንድ ሰው የመድኃኒት መግዣ የለመነበት የጽሑፍ መልእክት፣ ለማን እንደ ተላከ ሳይቀር በፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ለአባላቱ ሁሉ ተሰራጨ። ላኪው «እንድንረዳው ብዬ ነው» አለ። በእርግጥም ገንዘብ ተዋጣ። ሰውየው ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለቀብር ካልሆነ እድሩ ዘንድ አልታየም። ወንጀለኛ በሌለበት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ማንን መክሰስ ይቻላል?

ስለ ፋይዳ መታወቂያ ብዙ ይጠይቁኛል። እኔ ተመዝግቤያለሁ፤ ዐሥር ጣቶቼን፣ ሁለት ዐይኖቼንና ፊቴን ሰጥቼ ቁጥሬን ተቀብያለሁ። ከእኔ ፊት የነበሩት አዛውንት ገበሬ ግን ጣታቸው በእርፍና በማጭድ ተልጎ አሻራው አልታይ ብሎ ነበር። ወጣቱ መዝጋቢ በትዕግሥት ደጋግሞ ሞከረ፤ በስድስተኛው ጊዜ ያዘላቸው። እኒያ ሰው የልደት ወረቀት የላቸውም፣ ባንክም ዘመዳቸው ካልመሰከረ አያስተናግዳቸውም ነበር። ለእርሳቸው ይህ ቁጥር መብት ነው፤ ይህን የማይቀበል ክርክር በድሃው ኪሳራ የሚደረግ የምሁር ጨዋታ ይሆናል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለባንክ የተሰጠው ጣት ነገ ለምን ይውላል? የ2015ቱ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284፣ ከእርሱም በላይ የ2016ቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ መልስ ለመስጠት የወጡ ናቸው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል የሚለው መርሕ በ1989 ቢኖርና ቢሠራበት ኖሮ የስንቱ ገበሬ ማሳ በእጁ በቀረ።

ሕጋችን በዚህ ረገድ ድሃ ሆኖ አያውቅም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንኳ የደብዳቤን ምሥጢር ይጠብቅ ነበር፤ የ1987ቱ አንቀጽ 26 ደግሞ ስልክንና የኤሌክትሮኒክስ መገናኛን በስም ጠርቶ ይጠብቃል። ሁሉም ግን ከአጥሩ ላይ አንዲት በር ይተዋሉ፤ «በሕግ ከተወሰነው በቀር» የምትል በር። ኃላፊነት የያዙ ወገኖች መጠየቅ ያለባቸው በዚያች በር ማን እንደ ገባ፣ ሲገባስ እንደ ጨዋ እንግዳ ተጣርቶ እንደ ሆነ ነው። መልሱን ቢያንስ ከነገሩ በኋላ ለባለቤቱ ማሳወቅ የሚያስገድድ አሠራር እስካልኖረ ድረስ፣ አንቀጹ የሚነበብ እንጂ የሚኖሩበት አይሆንም።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚቀረኝ አንድ ነገር አለ። እኛ የዲማና የዋሸራ አገር ሰዎች በሰምና ወርቅ እንኰራለን፤ ልንኰራም ይገባናል። አንዳንዶች ቅኔን የአፈና መድኃኒት አድርገው ያወድሱታል፤ ሰሚው ሰሙን ይዞ ሲሄድ ወርቁ ለባለቤቱ ይቀራል ይላሉ። እኔ ግን በዚህ ውዳሴ አልደሰትም። የቅኔ ተማሪ ወርቁን የሚሸፍነው ጓደኛው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ መሸፈኑም መገለጡም የደስታ ነው። ሰው በፍርሃት ነገሩን ሲሸፍን ግን አድማጩም የሰማውን ይጠራጠራል፤ እናት ከልጇ ጋር በሰም ብቻ ትነጋገራለች። በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የቀረን ይኸው ተራ ስልክ ነበር፤ ሰዉም በእርሱ የሚናገርበትን ዘዴ ማንም ሳያስተምረው ለመደ። በጥር 2016 አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደውላ ጤንነቴን ከጠየቀች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ትናንት ማታ በከተማው ዳር ዳር ጥሎ ነበር፤ ዛሬ አባርቷል» አልኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ስለ ጉልበቴ ሕመም ጠየቀችኝ። በጥር ወር በደብረ ማርቆስ እንዲያ ያለ ዝናብ እንደማይጥል ሁለታችንም እናውቃለን፤ ጂኦግራፊ ያስተማርኋት እኔ ነኝ።