የአክስቴ ደብተርና የተወሰደው ሰርቨር

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሰርቨርና ስለ ባክአፕ ነው። «ይሄማ የኮምፒውተር ሰዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ግን የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ አክስቴ ከቤቷ ይዛ የወጣችው የልጅ ልጇን፣ አንድ ፌስታል ልብስና በመቀነቷ የቋጠረችውን የቁጠባ ደብተር ነው። ሌላው ሁሉ ቀረ። ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ ቤቷ ባዶ ነበር። ገንዘቧን ወደምታስቀምጥበት አነስተኛ የቁጠባና ብድር ተቋም ሄደች፤ ስሙን አልጠራም። እሱም ባዶ ነበር። በሩ ተገንጥሏል፣ ወንበር የለም፣ ኮምፒውተር የለም፣ ጥግ ላይ ተቆልፎበት የነበረው ሰርቨርም የለም። ማን ወሰደው የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን።

እዚያ የሚሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። «ባክአፕ አልነበራችሁም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። ነበረን አለኝ። በየማታው ሒሳቡ ራሱን በራሱ የሚገለበጥበት ሀርድ ዲስክ ነበር። የት? «ሰርቨሩ ላይ ነዋ። እላዩ ላይ ተቀምጦ።» ሰርቨሩን ያነሳው ሰው ዲስኩንም አብሮ አነሳው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከዛሬ አልረሳውም። ተቋሙ በየመስጊዱና በየገበያው «ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ» ብሎ አስነገረ። ሰው ተሰለፈ። ሒሳቡ ከደንበኞች ደብተር እየተነበበ እንደ አዲስ ተጻፈ። ለካስ እውነተኛው ባክአፕ በሴቶች መቀነትና በሽማግሌዎች የደረት ኪስ ውስጥ ነበር።

አክስቴ ግን ከመሸሿ ከጥቂት ቀናት በፊት ደብተሯን ሳትይዝ ሄዳ 4,500 ብር አስገብታ ነበር። የተሰጣት ደረሰኝ ከቤቱ ዕቃ ጋር ጠፋ። ገንዘብ ተቀባይዋ ታስታውሳለች። ሥራ አስኪያጁ ግን በትዝታ ብር መክፈል አይችልም። እስከዛሬ አልተከፈላትም። «አላህ ያውቃል ልጄ» ብላ ተወችው። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም።

ጓደኛዬ ያን ሰሞን ራሱን ሲወቅስ «ምነው ዲስኩን ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ባስቀመጥኩት ኖሮ» ይል ነበር። ረጋ ብለን ስናስበው ግን እሱም አያድንም ነበር። ደሴም ኮምቦልቻም ከከሚሴ ጋር በቀናት ልዩነት ነው የተያዙት። ሦስቱም በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ወደ ደቡብ ወረድ ብላ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው አጣዬም በ2013 ምን እንደደረሰባት ሁላችንም እናስታውሳለን። የሙያው ሰዎች የሚታወቅ ሕግ አላቸው፦ ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቢሮህ ውጭ ይቀመጥ። እኛ አካባቢ ግን «ውጭ» ማለት ከአጥሩ ውጭ ማለት ብቻ ሊሆን አይችልም። አንድ አደጋ ሁለቱንም ቦታ በአንድ ሳምንት ሊያገኛቸው ከቻለ ቦታዎቹ በስም ሁለት ይሁኑ እንጂ አንድ ናቸው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 16 ቀን 2018 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ የመንግሥት ዳታ ሴንተር በባትሪ ምክንያት በእሳት ተያያዘ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት «ጂ ድራይቭ» የተባለው ሥርዓት ከነ 858 ቴራባይት መረጃው ጠፋ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መረጃው በጣም ብዙ ስለሆነ መገልበጥ አስቸጋሪ ነው የሚል ነበር። ቴክኖሎጂ የምንገዛው ከነሱ፣ የተሳሳትነው ግን እኩል!

ወደ ከሚሴ ልመለስ። ያ ተቋም ባለፈው ዓመት ሥርዓቱን አዘመነ። ድሮ ለቁጠባው አንድ፣ ለደመወዙ አንድ፣ ለሰነዱ አንድ እየተባለ የተገዙ ማሽኖች ነበሩት። ሁሉም መብራት ይበላሉ፣ ሁሉም ይግላሉ፣ ግማሽ አቅማቸውን እንኳ አይሠሩበትም። አሁን ሁለት ጠንካራ ሰርቨሮች ገዝተው ሥራውን በሙሉ ወደ ቨርቹዋል ማሽን አዛወሩት። ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ እንዲህ እላለሁ፦ በየሰፈሩ ተበታትኖ የሚኖር ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ የየራሱን ክፍል ይዞ ገባ። ሶፍትዌሩ ፕሮክስሞክስ ይባላል፤ ነፃ ነው። ቪኤምዌርን ብሮድኮም ከገዛው ወዲህ የድሮው የአንድ ጊዜ ክፍያ ፈቃድ ስለቀረ ለትንሽ ተቋም ይህኛው ይሻላል ብለው ነው።

የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም መብራት መቆጠቡ አይደለም። ድሮ ሰርቨር ሲጠፋ ተመሳሳይ ማሽን መፈለግ፣ ዊንዶውሱን መጫን፣ ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነበር። ዛሬ ግን ማሽኑ ራሱ ከነፕሮግራሙና ከነሒሳቡ አንድ ፋይል ሆኗል። ፋይሉን ይዞ የሄደ ሰው ሌላ ከተማ፣ ሌላ ዕቃ ላይ ያስነሳዋል። ብረቱ ቢወሰድም ተቋሙ አይወሰድም።

ጉዳቱም ግን እዚያው ነው። ሁሉም አንድ ግቢ ከገባ ግቢው ሲቃጠል ሁሉም ይቃጠላል። በጥር 2015 በአውሮፓና በአሜሪካ የቨርቹዋል ማሽን ሰርቨሮችን ለይቶ የሚቆልፍ ቫይረስ ተሠራጭቶ የብዙ ድርጅቶችን ማሽኖች በአንዴ ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። ስለዚህ ከሰርቨሩ ጋር ሁልጊዜ እንደተገናኘ የሚውል ባክአፕ ብቻውን አያስተማምንም። ተነቅሎ የሚቀመጥም ያስፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ «ስናፕሾት አለኝ» ብሎ ይተኛል። ስናፕሾት እዚያው ዲስክ ላይ ያለ ምልክት ነው፤ ዲስኩ ከሄደ አብሮ ይሄዳል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

«ታዲያ ክላውድ ላይ አይጭኑትም?» የምትሉ አላችሁ። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውስ። መስመር ሲኖር በማታ ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ጥሩ ነው። መስመር በሌለ ጊዜ ግን በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዲስክ በሳምንት አንድ ቀን ከታማኝ ሰው ጋር በአውቶቡስ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ሳምንት ማለቴ ነው። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የሙከራው ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኛዬ «ሰርቨሩ ተዘርፏል እንበል» ብሎ ሁለቱንም ሰርቨሮች አጠፋቸው። እኔም ጋዜጠኛ ነኝና ማስታወሻ ይዤ ቆምኩ። ዲስኩን አሮጌ ማሽን ላይ ሰካው፤ የመክፈቻ ቁልፍ ጠየቀው። ቁልፉ የት ነበር? ተዘርፏል የተባለው ሰርቨር ውስጥ! ላቡ ጠብ ሲል አየሁት። ያ ቀን እውነት ቢሆን ኖሮ ባክአፑ ድንጋይ ነበር። ቁልፉ ያን ዕለት ወረቀት ላይ ታተመ፤ አንዱ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው በታሸገ ፖስታ አዲስ አበባ ገባ። በሳምንቱ እንደገና ሞከሩት። በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ የደንበኞች ሒሳብ አሮጌው ማሽን ላይ ተከፈተ። ባክአፕ አለን ማለት የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ነው፤ በተስፋ ደግሞ የሰው ገንዘብ አይጠበቅም።

በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ሲበላሽ ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው ብሏል። አብዛኛውን መልሶ ማግኘት የቻለው ማን ስንት እንዳወጣ መዝገቡ ስለነበረ ነው። መዝገብ ካለ ስህተት ይታረማል። መዝገብ ከሌለ ሀቀኛውም ሌባውም እኩል ይሆናሉ። አክስቴና ውሸታም ሰው እኩል የሆኑት ለዚህ ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባቲ ገበያና ሰንበቴ ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ያደረግኋቸው የዓመታት ቃለ ምልልሶች አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ ነበሩ፤ አንድ ቀን ጠቅ ጠቅ ብሎ ሞተ። ከተናገሩት አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ስለዚህ የማኅበር፣ የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከሆናችሁ ነገ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያችሁን «ባክአፕ አለን?» ብላችሁ አትጠይቁት። መልሱ አዎ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ መልሰህ ያስነሳኸው መቼ ነው? ቁልፉ የት ነው? ይህች ከተማ በሙሉ ብትዘጋስ?» በሉት። አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን እንቆርጣለን፤ ባክአፕ ሲሞከር ግን ማንም አያጨበጭብም። ለዚህም ነው በጀት የማይያዝለት።

ባለፈው ወር አክስቴን ይህን ሁሉ ነገርኳት። በጸጥታ ሰማችኝና «አሁን ብንሸሽ ብሬ ከኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ይደርሳል በለኛ» ብላ ሳቀች። አዎ አልኳት። «አብሽር፤ ጥሩ ሠርታችኋል» አለችኝ። ደብተሯን ግን መልሳ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እኔም ተይው አላልኳትም።

ቸር ያሰማን።