አንዲት «ና»

አማርኛ «ና» ሲል ወንድ ይጠራል፤ ለሴት «ነይ»፣ ለብዙዎች «ኑ»፣ ለሚከበር ሰው «ይምጡ» ነው። በቃል መጨረሻ ስትለጠፍ ግን ጥሪነቷ ይቀርና ታያይዛለች፦ ዳቦና ሻይ።

የሚያስደንቀው ስዋሂሊ ነው። የናይሮቢ ሰው ዳቦና ሻይ ለማለት «ምካቴ ና ቻይ» ይላል፤ ማያያዣዋ ያቺው «ና» ናት! ቋንቋዎቹ ግን የሥጋ ዘመድ አይደሉም፤ አንዱ ሴማዊ፣ ሌላው ባንቱ ነው።

ኮሪያዊ «ና» ካለ «እኔ» ማለቱ ነው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ሩሲያኛ ላይ ነው። «ና» አብዛኛውን ጊዜ «ላይ» ማለት ቢሆንም፣ ሩሲያዊው እጁን ዘርግቶ «ና!» ካለ ግን «እንካ» ማለቱ ነው። አማርኛው ሰውን ወደ ራሱ ሲጠራ፣ ሩሲያኛው በእጁ ያለውን ለሰው ይሰጣል። ግሪኮችም በጣታቸው እየጠቆሙ «ና!» ይላሉ፤ «ይኸውልህ» ሲሉ።