ስሙን ከመጽሐፍ፥ አካሉን ከሰማይ

ኮከብን ማየት ሌላ ነው፥ በኮከብ መጠንቈል ሌላ ነው። ሁለቱን ያልለዩ ሰዎች ጥንቈላውን ሲሸሹ ዕውቀቱንም አብረው ጣሉት። ስለዚህ የዙሐልን፥ የመሽተሪን፥ የመሪኅን፥ የዝሁራንና የዐጣርድን ስም በቃሉ የሚደረድር ደቀ መዝሙር ይገኛል፤ ወደ ሰማይ ጠቍሞ «ይህ ነው» የሚል ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ በዳባት አጠገብ አንድ እረኛ «እኒያ እንደ መንጋ የታጐሩት ከዋክብት ማታ በምሥራቅ ሲወጡ የገብሱ አጨዳ ደርሷል» አለኝ፤ ስማቸውን ግን መልሶ እኔን ጠየቀኝ።

በደባርቅ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ወደ ደጅ አወጣለሁ። አስቀድሜ የምነግራቸው ይህን ነው፤ ቋሚው ኮከብ ብርሃኑ ይርገበገባል፥ ተጓዡ ግን ረግቶ ያበራል፤ ከፀሐይና ከጨረቃ ጎዳናም እጅግ አይርቅም። ዝሁራ ከሁሉ ትደምቃለች፤ ከፀሐይ ስለማትርቅ በመንፈቀ ሌሊት አትታይም፤ ማታ በምዕራብ የምናያትና ሲነጋ አጥቢያ ኮከብ የምንላት አንዲት ናት። መሪኅ ይቀላል። መሽተሪ ዙሩን በ12 ዓመት ያህል፥ ዙሐል በ29 ዓመት ተኩል ያህል ይፈጽማሉ፤ እኔም የዙሐልን ሁለተኛ ዙር ልጨርስ ጥቂት ቀርቶኛል።

ወቅቱንም ሰማዩ ይናገራል። የክረምቱ ደመና ሲገፈፍ፥ በመስከረም ማታ፥ ዓቅራብ የተባለው ጊንጥ በደቡብ ምዕራብ ያዘቀዝቃል። በኅዳር እረኛው ያሳየኝ ሰባቱ ከዋክብት ይወጣሉ፥ ኦሪዮንም ይከተላቸዋል፤ በየካቲት ወደ አናታችን ይጠጋል። በግንቦት የመስቀል ቅርጽ ያላቸው አራቱ ከዋክብት በደቡብ ዝቅ ብለው ይቆማሉ። ከሊማሊሞ አፋፍ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው የዋልታው ኮከብ ከአድማስ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል፤ ደባርቅ ከምድር ወገብ የምትርቀውም በዚሁ ልክ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር አልናቁትም። ብርሃናት የሚወጡባቸውን 6 የምሥራቅ በሮችና የሚገቡባቸውን 6 የምዕራብ በሮች የሚተርከው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። መጽሐፉን ጠብቀን ሰማዩን ብንረሳ ግን ምን ይረባናል? እረኛው ወደ ከተማ እየገባ ነው፤ የከተማውም መብራት ከዋክብቱን ይጋርዳል። ሊቃውንቱም ዝም ካሉ፥ ስለ ከዋክብት የሚናገር ጠንቋይ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ሰማዩ በጠራበት ማታ ልጅህን ይዘህ ከመብራቱ ራቅ በል፤ አንዱን ኮከብ በጣትህ አሳየው፥ ስሙንም ንገረው።