የሐረማያ ቧንቧና የሐረማያ ሐይቅ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ሲወጣ የቆላው ሙቀት ከኋላው ይቀርና የደጋው ነፋስ ይቀበለዋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ሐረማያ 2000 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። የተከበሩ አንባቢዎች ይህን የ800 ሜትር ዳገት እንዳይረሱት እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ወደ ሐረማያ የሄድሁት በዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የእርሻ ትምህርት የምትማረውን የወንድሜን ልጅ ለመጠየቅ ነበር። ከተማዪቱ ትንሽ ናት፤ ቀድሞ ዓለማያ ትባል ነበር። ስሟን ያስጠራው ከኦክላሆማ በመጡ የአሜሪካ መምህራን እርዳታ የተቋቋመውና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. የመረቁት የእርሻ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1998 ዓ.ም. ሐረማያ የሚለውን ስም ይዟል።

በደረስሁ ጊዜ ፊቴን ልታጠብ ብዬ በግቢው የቆመውን ቧንቧ ብከፍተው ነፋስ ብቻ ተነፈሰብኝ። ልጅቱ ሣቀች። «ጋሼ፥ ይህ ቧንቧ የሚመጣበትን ቀን የሚያውቀው እርሱ ራሱ ብቻ ነው» አለችኝ። በተከራየችው ክፍል አምስት ጀሪካኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ፊተኛው ለመጠጥ፥ ሁለተኛው ለወጥ፥ የቀሩት ለልብስና ለገላ ናቸው። አትክልት የታጠበበት ውኃ አይደፋም፤ እግር ይታጠቡበታል። እግር የታጠበበት ለወለል፥ የወለሉም ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። በቤቴ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ሲያድር ዝም ያልሁባቸው ሌሊቶች ትዝ አሉኝና አፈርሁ።

የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት ሽማግሌ ሴት ናት። ማታ ማታ ቧንቧውን ከፍታ ከሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ ታኖራለች፤ ውኃው በመጣ ጊዜ ድምፁ እንዲቀሰቅሳት ነው። በዚያች ሌሊት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሳፋው ጮኸ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ተነሣ፤ እኔም ሽማግሌ ነኝ ሳልል ጀሪካን ይዤ ተሰለፍሁ። የተከራይዋን ልጅ አስቀድማ ከቀዳችላት በኋላ የራሷን ሦስተኛ ጀሪካን እንደ ያዘች የሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ጥቂት ቆይቶም ውኃው ቀጠነና ቀረ።

በጨለማ ተቀምጠን ስንጨዋወት ነገሩን አወራችን። የሐረማያ ሐይቅ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ስምንት ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። የሐረር ከተማ ለአርባ ዓመት ግድም ከእርሱ ጠጥታለች። በዙሪያው ያለው ገበሬም ጫቱንና አትክልቱን በበጋ ያጠጣ ዘንድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከለ፤ በአወዳይ ገበያ ጫት ሁልጊዜ ይሸጣልና። ከተራቈተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም የሐይቁን ወለል ሞላው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

«ባሌም ከጠጡት አንዱ ነበር» አለች። «ውኃው በሸሸ ቍጥር ጎማውን እየቀጠለ ይከተለው ነበር። በመጨረሻም በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ቆፈረ። አራት ልጆች ያስተማርነው በዚያ ነው። እንግዲህ ማንን ልክሰስ?»

መልስ አልነበረኝም። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረርና በመንገዱ ላይ ላሉት ከተሞች ውኃ የተፈለገው በቆላው፥ በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ነው። ያ ውኃ እኛ በመኪና የወጣነውን ዳገት በሞተር ኃይል ተገፍቶ ይወጣል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ውኃውም ከዳገቱ በታች ይቀራል። በሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ በበረሃ ውኃ ትጠጣለች ቢባል በ1950 ዓ.ም. ማን ያምን ነበር?

ሲነጋ ልጅቱ ወደ ሐይቁ ወሰደችኝ። አዎን፥ ሐይቁ ተመልሷል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ዝናሙ በርትቶ፥ በኮረብታው ላይ እርከን ተሠርቶና ዛፍ ተተክሎ፥ ሜዳው እንደ ገና ውኃ ይዟል፤ ወፎችም መጥተዋል። ቆሜ እያደነቅሁ ሳለሁ በሸምበቆው መካከል አንድ ጥቁር ጎማ ወደ ጫት ማሳ ሲዘረጋ አየሁ።

ልጅቱ የምታጠናው ይህንኑ ነው፤ አንድ ማሳ በሳምንት ስንት ውኃ እንደሚጠጣ ትለካለች። ወደ ገበሬው ቀርባ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥታ ሞተሩ ትናንት ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ጠየቀችው። ሰውየው አልተቈጣም፤ ሦስት ሰዓት ብሎ ነገራት፤ እርሷም ጻፈች። ቀጥሎም እርሱ በተራው፥ በእናንተ ግቢ ውስጥስ ቧንቧው በቀን ስንት ሰዓት ይከፈታል? ብሎ ጠየቃት። ጥቂት ዝም አለችና ጥያቄውን በደብተሯ ላይ ከሦስቱ ሰዓት በታች ጻፈችው።