ጆሮም ስንቅ አለው

ከአዳማ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው። አዳማ ያለችው 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ወለንጪትን አልፈን መተሐራ ስንደርስ ከ1000 ሜትር በታች ወርደናል። በስተግራ የፈንታሌ ተራራ፣ ከመንገዱ ዳር የበሰቃ ሐይቅ ይታያል። ሙቀቱ ይበረታል፤ አውቶቡስ ውስጥ ግን መስኮት ለመክፈት የሚስማማ አይገኝም።

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የሚሄዱ አያቶች በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሶደሬ ፍል ውሃ የሚወርዱ፣ ወይም በሞጆ ታጥፈው ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ልጅ ለመጠየቅ የሚሄዱም አሉ። ዳቦ ቆሎው ይቋጠራል፣ የደም ግፊቱ ኪኒን ይቆጠራል፣ ነጠላው ይታጠፋል። የሚረሳው የመስሚያ መሣሪያው ባትሪ ነው። እሱ ካለቀ ረዳቱ የከተማውን ስም ሲጠራ አይሰማም፣ መናኸሪያ ውስጥ የባጃጅ ጡሩምባ አያስጠነቅቅም። ናፍቆት ያስኬደው የልጅ ልጅ ሲያወራም አያት ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ።

ይህ ባትሪ የሰዓት ባትሪ ቢመስልም አሠራሩ የተለየ ነው። ዚንክ ኤር ይባላል፤ የሚሠራውም በአየር ነው። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን የሸፈነው ባለቀለም ልጥፍ ሲነሣ አየር ይገባና ሥራ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ልጥፉን መልሶ መለጠፍ አያስቆመውም። «መንገድ ላይ እንዳልቸገር» ብሎ ልጥፉን ቀድሞ ማንሣት ስንቅን ቤት ጨርሶ እንደ መውጣት ነው። ልጥፉ የሚነሣው በሚገባበት ሰዓት ነው፤ ከተነሣ በኋላም 3 ወይም 5 ደቂቃ አየር ላይ ቢቆይ በደንብ ይሠራል።

መጠኑን ቀለሙ ይናገራል፦ 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡኒ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ ነው። እንደ መሣሪያውና እንደ አጠቃቀሙ ቢለያይም 312 ቁጥር ከ3 እስከ 10 ቀን፣ 13 ቁጥር ከ6 እስከ 14 ቀን ያህል ያገለግላል። በሁለቱም ጆሮ ለሚያደርግ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ጉዞ ያልተከፈተ ባለ6 ፍሬ እሽግ መያዝ አይበዛም። መንገድ ላይ እገዛለሁ ማለት አያዋጣም፤ ሱቅ ያለው የሰዓት ባትሪ አይተካውም። የሚሸኝ ልጅ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከመታወቂያቸው ጋር ቢያስቀምጥላቸው ጥሩ ነው።

አያያዙስ? ሙቀት ባትሪን ያደክማል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወይም ሻንጣ መጫኛው ውስጥ አይተው፤ ባለቤቱ በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ፍሪጅም አይጠቅመውም፤ ሲወጣ እርጥበት ያዝለዋል። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ከተቀላቀለ ብረት ከብረት ተነካክቶ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከነእሽጉ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይያዝ። ሶደሬ ላይ ወደ ውሃው ከመግባት በፊት መሣሪያው ከጆሮ ይውጣ፤ እንፋሎቱም ይጎዳዋል። ማታ ሲተኛ የባትሪውን በር ከፍቶ ማሳደር መሣሪያውን ያናፍሰዋል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናገራለሁ፤ በነርስነት ያገለገለ ሰው አይዘለውም። ባትሪውን ከኪኒን ጋር በአንድ ዕቃ አታስቀምጡ። መጠኑ ኪኒን ያህላል፤ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት በጨለማ ከመድኃኒታቸው ጋር ሊውጡት ይችላሉ። ሕፃናት ደግሞ ያገኙትን ወደ አፍ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ይከታሉ። እንግዳ ሆነን በሄድንበት ቤት አልጋ ራስጌ የምናስቀምጣት አሮጌ ባትሪ ለሚድህ ልጅ አደጋ ናት። ክብ ባትሪ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ሊያቃጥል ይችላል። ተውጧል ተብሎ ከተጠረጠረ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ «ራሱ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ። አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም ጠብታ አትጨምሩ። እሽጉን ይዛችሁ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያው ሂዱ።

ያለቀችውንም ሜዳ ላይ አትጣሏት፤ ክዳን ባለው ዕቃ ሰብስባችሁ ልጅ ከማይደርስበት አርቁ።

እንግዲህ አያት ለመንገድ ሲነሡ «ስንቅ ተያዘ?» ብሎ መጠየቅ ልማዳችን ነው። መሣሪያ የሚያደርጉ ከሆነ «ባትሪውስ?» የሚል ይጨመርበት። እዚያ ሲደርሱ የልጅ ልጃቸው «አያቴ» ብሎ ሲጠራቸው አቤት እንዲሉት።